የሌላ ሰው እንጀራ፣ የእኔ መዝናኛ

አንድ ጓደኛዬ ነገሩን በሒሳብ ነው የሚያየው። «የአንድ ሰዓት ሥራህ ስንት ያወጣል?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። «ሜካኒኩስ ለአንድ ሰዓት ስንት ያስከፍላል?» እሱንም እነግረዋለሁ። «እና ታዲያ ፈቃድህን ሙሉ ዘይት ተለቅልቀህ የምትውለው ለምንድን ነው? ስጠውና አንተ የምትችለውን ሥራ።» ክርክሩ ንጹሕ ነው። ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አገሮች ንግድ ያስረዳውን ጓደኛዬ ስለ እኔና ስለ አንድ የአዳማ ሜካኒክ ያስረዳዋል፦ ሁሉም የሚያዋጣው ላይ ይሠማራ፣ ከዚያ ይለዋወጥ፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ለዚህ የተለመደው መልስ «ደስ ስለሚለኝ» ነው። ጓደኛዬ ይሄን ይቀበላል። መዝናኛ ከሆነማ ኳስ እንደማየት ነው፣ ማንም አይጠይቅህም። እኔን የሚከነክነኝ ግን እዚህ ጋ ነው። ለእኔ መዝናኛ የሆነው ነገር ከእናቴ ቤት ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ለሚሠራ ሰው የልጆቹ እራት ነው። አንድ ሥራ ለአንዱ እንጀራ፣ ለሌላው ጨዋታ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ለባለ እንጀራው ያለበት ዕዳ አለ? ካለስ ምንድን ነው? ገንዘብ? አክብሮት? ወይስ እጁን ከዚያ ነገር ላይ ማንሳት?

ሦስተኛውን መልስ አልቀበልም። የማልቀበልበት ምክንያት ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አይጥመኝም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሞተር ሳይክሉ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው፣ የአጎቴ ነበር። አጎቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ አርሲ ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞርበት ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ አዳማ እናቴ ግቢ ውስጥ አቆመው። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። የዓመት ፈቃድ ስወስድ ወደ አዳማ እወርዳለሁ። ከመውረዴ በፊት ሶማሌ ተራ ጎራ ብዬ የሚያስፈልገውን ዕቃ እሸምታለሁ፣ ከዚያ ለሳምንት ያህል ግቢው ውስጥ ካርቶን አንጥፌ እቀመጣለሁ።

ስለ ሞተሩ ትንሽ ላውራ፣ ከጥያቄው ጋር ይገናኛል። ሲጂ 125 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የሆንዳ 125 ካሙ ከላይ ሆኖ በሰንሰለት የሚዞር ነበር። ጎበዝ ሞተር ነው፣ ግን ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል፣ ሰንሰለቱም በየጊዜው ይታይልኝ ይላል። እስያ ውስጥም ሌላም ጋ ሰው የሚነዳው ግን ሁለት ሦስት ሆኖ ተጭኖበት፣ ጆንያ ደርቦ፣ ዘይቱ ሬንጅ እስኪመስል ሳይቀይር ነበር። ሞተሩ ተበላ። የሆንዳ መሐንዲሶች ሰውየውን «እባክህ ዘይት ቀይር» እያሉ ከመለመን ሞተሩን ቀየሩለት። ካሙን ወደ ታች አወረዱት፣ በሰንሰለት ፈንታ በጥርስ እንዲዞር አደረጉት፣ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንግ አስገፉት። የኋላውን ካቴና አቧራ እንዳይበላው ዙሪያውን በቆርቆሮ ሸፈኑት። እንደ መኪና የሚጣል የወረቀት ዘይት ፊልትሮ የለውም፤ አንዲት ወንፊት አለችው፣ አጥበህ መልሰህ ትከታታለህ።

በአጭሩ፣ ሲጂ 125 የተሠራው ለአጎቴ ነው። አጎቴ ዘይት መቀየርን የሚያየው እንደ ፀጉር መቆረጥ ነበር፤ ሰው እስካላስተዋለ ድረስ ይቆያል። «ሆንዳ ነው፣ ምን ይሆናል!» ይላል አሁንም። እውነቱን ነው፣ ምንም አልሆነም።

እኔም በሙያዬ ተመሳሳይ ነገር እሠራለሁ። ተጠቃሚው አያነብም፣ አይጠነቀቅም፣ የማይነካውን ይነካል ብለን ነው ኮድ የምንጽፈው። እና አንዳንዴ እጠይቃለሁ፦ ሰው እንደማይጠነቀቅ አስቀድሞ አስቦ መሥራት ርኅራኄ ነው ወይስ ንቀት? ሲጂን ሳየው ርኅራኄ ይመስለኛል። ይቅር ይልሃል፣ ግን አይዘጋብህም። ካልፈለግህ ሳትነካው ዓመታት ይሸከምሃል፤ ከፈለግህ ደግሞ ጥቂት መፍቻና አንድ ካቻቢቴ ይዘህ እስከ ቫልቩ ድረስ ትገባለህ። እጄ ላይ ያለው ስልክም ይቅር ባይ ነው፣ ግን በሙጫ ተለስኗል። እኔ የምጽፈው ሶፍትዌርም ወደ ስልኩ ነው የሚያደላው፤ ይሄን ስል በኩራት አይደለም።

ሥራው ምን እንደሚመስል ካልነገርኳችሁ ደግሞ «መዝናኛ» የሚለው ቃል ያሳስታችኋል። ቫልቭ ማስተካከልን እንውሰድ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ጠዋት ነው፣ ከቡና በፊት። ካንዴላውን ትፈታለህ፣ ሞተሩ በቀላሉ እንዲዞርልህ። ከላይ ያለውን የቫልቭ ክዳን ትከፍታለህ። በግራ በኩል ያለውን ክዳንም ከፍተህ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያልክ ታዞራለህ። እዚያ የሚሽከረከረው ብረት ላይ «ቲ» የምትል ፊደል ተቀርጻለች፤ እሷ አጠገቧ ካለው ምልክት ጋር ስትገጥም ፒስተኑ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። ግን ፒስተን ሥራውን አንዴ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፦ አንዴ አየርና ቤንዚኑን ሲያምቅ፣ አንዴ ጭሱን ሲያስወጣ። የምትፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱን የቫልቭ ክንዶች በጣትህ ነቅነቅ ታደርጋለህ፣ ሁለቱም ላላ ካሉ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነህ። ከዚያ በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መሀል ስስ የብረት ቅጠል ታስገባለህ። ለሲጂ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም። ቅጠሏ ምንም ሳይነካት ካለፈች ላልቷል። አልገባም ካለች ጠብቋል። ትክክሉ ስትስባት ትንሽ ያዝ ስታደርግህ ነው።

«ትንሽ ያዝ» ስንት ነው? የጥገና መጽሐፉ ላይ ቁጥር የለውም። ደግሞ ልኩን አግኝተህ ዳዶውን ስታጠብቅ ልኩ ያመልጥሃል። እንደገና ትፈታለህ፣ ትለካለህ፣ ታጠብቃለህ፣ ትለካለህ። ሁለት ቫልቭ ብቻ ነው ያለው፣ እና አንድ ሰዓት ያልፋል። ስልክ አልነካህም። ስለ ምንም አላሰብክም ማለት አይደለም፣ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብከው።

የተማርኩት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው። የኦቶን ዑደት ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንዳሰላሁት እግዜር ይወቅ፤ ተመርቄ ኮድ መጻፍ ስጀምርም አንድ ሞተር ከፍቼ አላየሁም ነበር፣ አብረውኝ ከተመረቁት ብዙዎቹም እንደዚያው። ስክሪን ላይ ስሠራ የማይሆነውን በሁለት ትእዛዝ ወደ ትናንት እመልሰዋለሁ። አሉሚኒየም ውስጥ የገባ ብሎን ጥርሱ ከተበላ ግን ትናንት የሚባል ነገር የለም። ስብሰባ ላይ ያልገባህን ነገር በጥሩ እንግሊዝኛ ማለፍ ትችላለህ፤ ዳዶ ፊት አትችልም። ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ከዚህ በላይ የረቀቀ ፍልስፍና የለኝም።

አሁን ወደ ሁለት መቶ ሜትሩ ሰውዬ።

እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው፣ ሰፈሩም እንደዚያ ነው የሚላቸው። ጋራዣቸው የቆርቆሮ በር፣ አንድ ኮምፕረሰር፣ ጥግ ላይ የተከመረ የሞተር ሬሳ። ከእሳቸው ጋር አንድ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይሠራል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የተረዳሁት ቋንቋ እንደማንግባባ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት «ቤሪንግ»፣ «ጋስኬት»፣ «ክለች» ስል ከርሜያለሁ። እዚያ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን ሆነው ጠበቁኝ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካምቢዮ… የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንም አገራችንን የያዘው አምስት ዓመት ነው፣ ከ1928 እስከ 1933፤ የእሱ ቃላት ግን ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ፈተና፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ እዚህ ደርሰዋል። የእኔ አምስት ዓመት እንደዚያ የሚቆይ አይመስለኝም።

ቫልቩን ያስተካከልኩ ዕለት ሞተሩን አስነስቼ ወደ እሳቸው ወሰድኩት። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። ሌላ ሥራ ላይ አጎንብሰው ለአፍታ ሰሙና «ጥሩ ነው፣ ይንኳኳ» አሉ። እኔ ድምፁ አልጣመኝም ነበር፤ ጠቅ ጠቅ ይላል። «ጋሼ፣ ትንሽ አይጮህም?» ስላቸው «የሚጮህ ቫልቭ ምን ያደርግሃል? ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው» አሉኝ። ማብራሪያውን አልሰጡኝም፣ ሥራ ላይ ናቸው። ማብራሪያው ይሄ ነው፦ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁም እየጠፋ ይመጣል። ክፍተቱ ጨርሶ ሲጠፋ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ሲዘጋ፣ መቀመጫውን ሲነካ ነው። ካልነካ ይቃጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ጸጥ ብሎ፣ እያማረበት ሄዶ፣ አንድ ቀን ይሞታል። እኔ ይሄን የቴርሞዳይናሚክስ ዕውቀት ይዤ ያላወቅሁትን እሳቸው በጆሯቸው ያውቁታል።

እና ማን ነው «ኢንጂነር» የሚባለው? እኔ። ልጁ በር ላይ ሲያየኝ «ኢንጂነር መጣ!» ይላል፤ ግማሹ ክብር፣ ግማሹ ቀልድ ነው። ሞተር የሚከፍቱት ሰውዬ «ሜካኒኩ» ናቸው፣ ላፕቶፕ የምከፍተው እኔ ኢንጂነር።

በዘይት የጠቆረ እጄን ፎቶ አንስቼ ብለጥፈው ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። «ዋው»፣ «ሁለገብ»፣ «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው»። የዚያን ልጅ እጅ ማንም ላይክ አያደርገውም። ስለ እሱ የሚባለው «ትምህርት አልሆንለት ብሎ ጋራዥ ገባ» ነው። ዘይቱ አንድ ነው፣ ጥፍር ሥር የሚገባውም አንድ ነው። ልዩነቱ እኔ ስታጠብ ሌላ ሰው መሆኔ ነው።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲስ የሆነው መልኩ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» ያልን፣ ማረሻችንን ሠርቶ የሰጠንን ሰው ማዕድ ያላጋራን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ የሚወጣው ነገሩ ሲበዛ ነው። ከእሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲፈልጉ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሚሲዮናውያንን ነው። በእርግጥ የመድፍ ዕውቀቱ ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ ግን ብረት የሚያውቀውን የገዛ ወገኑን ሲሸሽ የኖረ አገር ያንን ዕውቀት በማን እጅ ሊያስቀምጠው ነበር? ዛሬ ስድቡ ለስልሷል። «ቴክኒክና ሙያ ደረሰኝ» የሚል ተማሪ ፊት ላይ ግን አሁንም ታነቡታላችሁ።

ስለ ሞተር ሳይክልና ስለ ሕይወት የተጻፉ ሁለት ዝነኛ የአሜሪካ መጻሕፍት አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሮበርት ፒርሲግ «ዜን ኤንድ ዘ አርት ኦፍ ሞተርሳይክል ሜንተናንስ» ነው፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የማቲው ክሮፎርድ «ሾፕ ክላስ አዝ ሶልክራፍት»። ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ። ፒርሲግ ኑሮውን የመሣሪያ መመሪያ በመጻፍ ይመራ የነበረ ሰው ነው። ክሮፎርድ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ፍልስፍና ዶክትሬት ይዞ፣ የጥናት ተቋም ሥራውን ጥሎ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ከፈተ። ስለ እጅ ሥራ ክብር የሚሉት ልክ ነው እላለሁ። ግን ሁለቱም መርጠው የገቡበት ነው። ክሮፎርድ ጥገና ቤቱ ውስጥ ሆኖ እንኳን ዶክትሬቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። የጋሼ ልጅ ኪሱ ውስጥ ያለው የ10 ቁጥር መፍቻ ነው። «የእጅ ሥራ ነፍስን ያድሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው መውጫ በር ላለው ሰው ይመስለኛል። በር ለሌለው ሰው ሥራ ሥራ ነው፤ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ መጥፎም ሊሆን ይችላል፣ ግን ከሥራ አይዘልም።

የእኔ በር ደግሞ በሕግ የተጻፈ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጠኛል፣ ደመወዜ ሳይነካ። ካርቶን ላይ ተቀምጬ ቫልቭ የምለካበት ሰዓት የተከፈለበት ነው። ልጁ አንድ ቀን ከቀረ የዚያን ቀን አያገኝም። «ትዕግሥት ያስተምራል» የምለው ሥራ ለእሱ ቶሎ ካላለቀ የማይከፈልበት ነው። እኔ አንዱን ዳዶ ሦስት ጊዜ ፈትቼ የምለካው ስለምጠነቀቅ ብቻ አይደለም፣ ጊዜ ስላለኝ ነው።

እዚህ ላይ እናቴ ትግባ። አንድ ጠዋት፣ ወር በገባ በ12፣ ሞተሩን ልከፍት ስል «አንተ ልጅ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው። ብረት ስታንኳኳ ጎረቤት ምን ይላል?» አለችኝ። መፍቻውን አስቀመጥኩ። ለበዓል ያላትን አክብሮት አከብራለሁ፣ ደግሞም ቤቱ የእሷ ነው። ግን ያን ዕለት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ በላፕቶፕ ለሁለት ሰዓት የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ስሠራ ቡና አምጥታልኛለች። «እማዬ፣ ያኛውስ ሥራ አይደለም?» ስላት ሳቀችና «እሱማ ተቀምጠህ ነው» አለች። ሞተሩንም ተቀምጬ ነው የምሠራው ብላት አላሸነፍኩም።

ስቄ አለፍኩት፣ ግን ቆይቶ አልለቀቀኝም። እናቴ ሥራ ብላ የምታውቀው ድምፅና ላብ ያለውን ነው፤ የሚከለከለውም እሱ ነው፣ የሚናቀውም እሱ ነው። ደመወዝ ያለው ሥራዬ ሥራ አይመስልም፤ ደመወዝ የሌለው መዝናኛዬ ሥራ ይመስላል። በእሷ መለኪያ ጋሼ የሚሠሩት ሥራ ነው፣ እኔ የምሠራው አንድ ዓይነት ንባብ። መለኪያዋ ከጓደኛዬ ሒሳብ ይልቅ ለእውነት የቀረበ የሚመስለኝ ቀን አለ።

ወደ ፍሬን ስመጣ ጨዋታው ያበቃል። ዘይት ብቀይር፣ ቫልቭ ብለካ፣ ካንዴላ ብጠርግ፣ የሚከተለው በእኔ ላይ ነው፤ ቢበዛ መንገድ ላይ ያቆመኛል። ታናሽ እህቴ ግን ከኋላዬ ትቀመጣለች። ፍሬኑን እኔ ብፈታው በእሷ አጥንት ላይ ነው የምማረው። «የራሴ ንብረት ነው፣ እንደፈለግሁ» የሚለው መብት ኋላ ወንበር ላይ ሰው እስኪቀመጥ ድረስ ነው የሚሠራው፤ ጥብቅ ካልን ደግሞ መንገዱን የሚያቋርጥ ሰው እስኪኖር ድረስ ነው። ይሄ ማለት ግን አልነካውም ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም ብቻውን የጻፈውን ኮድ ሌላ ሰው ሳያየው አያስገባም፤ እዚህም እንደዚያው አደረግሁ። የፊት ጎማውን አወረድኩ፣ ሰበታውን አውጥቼ ጠረግሁ፣ ውፍረቱን ለካሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ከዚያ ሳልነዳው እየገፋሁ ጋሼ ጋ ወሰድኩና «ይዩልኝ» አልኩ።

ሁለት ነገር ሆነ።

የመጀመሪያው ስለ ክፍያ ነው። ጋሼ ጎማውን አዞሩ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረጉ፣ አንዱን ሽቦ ሩብ ዙር አላሉ፣ «ሂድ» አሉኝ። ብር ሳወጣ ተቆጡ። «ለማየት ምን ይከፈላል?» እኔ የምኖርበት ዓለም ውስጥ በጣም የሚከፈለው ለማየት ነው። ብዙ የሚጽፉት ጀማሪዎቹ ናቸው፤ ከፍተኛው ደመወዝ ያለው አይቶ «ሂድ» ወይም «ቁም» የሚለው ሰው ጋ ነው። ይሄን ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እንግዲህ የእናንተ ሀገር ሌላ ነው» አሉና ብሩን ለልጁ ስጠው አሉኝ። ሰጠሁት። ለጓደኛዬ ሒሳብ ያገኘሁት መልስ ይሄ መስሎኝ ነበር፦ ጉልበቱን ራሴ እሠራለሁ፣ ለዕውቀቱ ደግሞ በደንብ እከፍላለሁ። ጥሩ መልስ ነው፣ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ጋሼ ማየትን የተማሩት ሺህ ጎማ ፈትተው ነው። ልጁም የሚማረው ፈትቶ ነው። እኔ ቤቴ የምፈታት እያንዳንዷ ጎማ ልጁ ያልፈታት ጎማ ናት። የአንድ ሰው ሞተር ምንም አያጎድልበትም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን ይሄው ነገር በእኔ ሙያ ላይ እየደረሰ ስለሆነ ቀላል አልመስልህ አለኝ። ጀማሪ ፕሮግራመር የሚለማመድባትን ትንንሽ ሥራ አሁን ማሽን ይጽፋታል፤ እኛ አይተን «ሂድ» እንላለን። ነገ ማን አይቶ ይላል?

ሁለተኛው ስለ አቧራው ነው። የድሮ ሞተር የፍሬን ሰበታ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ የሚገድል ነገር ነው። ስለዚህ ሰበታ ሲጠረግ አይነፋም፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። እኔ ይሄን አነበብኩ፣ ምክንያቱም የማነብበት ፈቃድ ነበረኝ። ጋራዡ ውስጥ ግን ልጁ አጠገቤ የሌላ ሰው ሞተር ከበሮ ከፍቶ ኮምፕረሰሩን ለቀቀበት። አቧራው ፊቱን ሸፈነው። በእጅጌው ጠረገና ቀጠለ።

ነገርኩት። ሳቀ። ለጋሼ ነገርኳቸው። «እኔ ሠላሳ ዓመት ነፍቼዋለሁ» አሉ። በማግስቱ አንድ ፓኮ የአፍ መሸፈኛ ይዤ ሄድኩ፤ ተራ መሸፈኛ ለአስቤስቶስ እንደማይበቃም ነገርኳቸው፣ ዋናው ነገር አለመንፋት እንደሆነ። «ኮሮና ተመለሰ እንዴ?» አሉ ጋሼ። ልጁ መሸፈኛውን አገጩ ላይ አድርጎት ዋለ። እርጥብ ጨርቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ እኔን ጨምሮ።

እንግዲህ «እጅህን አንሳ» የሚለውን የማልቀበለው ለዚህ ይመስለኛል። እጄን አንስቼ ቢሆን ኖሮ ሰበታ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የዚያን ልጅ ፊት የሸፈነውም ለእኔ ተራ አቧራ ነበር። ሞተሩን ሰጥቼ፣ ከፍዬ፣ ንጹሕ እጄን ይዤ እሄድ ነበር፤ የጓደኛዬ ሒሳብም ይዘጋ ነበር። ግን ማወቄ ለልጁ እስካሁን ምን እንዳደረገለት ብትጠይቁኝ አገጭ ላይ ያለ መሸፈኛ ነው።

ባለፈው ፈቃዴ ጋራዡ በር ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ቆሞ አየሁ። መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ጥር 2016 ላይ ካሳወቀ ወዲህ ልጁ ስለዚህ ነገር ብዙ ይጠይቃል። ባለቤቱ «አልነሳ አለኝ» ብሎ ጥሎት ሄዷል። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፤ የሚሰማ ነገር የለም። ልጁ ወደ እኔ ዞረና «ኢንጂነር፣ ይሄ ቫልቭ የለውም አይደል? ምኑን ነው የምንፈታው?» አለኝ።

ካቻቢቴውን ተቀበልኩትና ወንበሩን አነሳን። ከሥሩ አንድ ጥቁር ሳጥን አለ፣ ዙሪያው በሙጫ የታሸገ፣ ከሳጥኑ አንዲት ሽቦ ወጥታለች፣ ጫፏ ላይ የኮምፒውተር መሰኪያ የመሰለ ነገር። ጋሼ ሳጥኑን በጣታቸው ቀለም ቀለም አድርገው ነካኩት። «ይሄ የእናንተ ነው» አሉኝ። ላፕቶፔን ከቤት ለማምጣት ሁለት መቶ ሜትሩን ስሄድ ልጁ ተከተለኝ፤ እስክመለስ መጠበቅ አልፈለገም።